ብላክጃክ፣ ሩሌት፣ ባካራት ከዜሮ፦ ቤት ውስጥ በቆርኪ ለመለማመድ ከየት ይጀመራል? (ጎንደር)

ማራኪ_ማታ · ቅዳሜ፣ ማታ 1:40

እንዴት አመሻችሁ። ማራኪ አካባቢ ስድስት ሆነን ካርታ እንጫወታለን፤ እስካሁን ኮንከር ብቻ ነው። አሁን ካዚኖ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቷቸውን መልመድ ፈልገናል፤ ብላክጃክ፣ ሩሌት፣ ባካራት። ገንዘብ አይያዝም፣ በቆርኪ ነው። እጃችን ላይ ያለው ሁለት ፓኬት ካርታ ነው። ከየትኛው እንጀምር? ለአንድ ሰው ስንት ቆርኪ ይበቃል? የሚሽከረከረው ሩሌት ሳይኖር እንዴት ይሆናል? ዩቲዩብ ላይ የምናገኘው ሁሉ "የማሸነፊያ ምስጢር" ነው፤ እኛ የምንፈልገው አጨዋወቱን ነው።

በዋዡ · ቅዳሜ፣ ማታ 2:05

ከብላክጃክ ጀምሩ። ሩሌትና ባካራት ላይ ውርርድህን ካስቀመጥክ በኋላ የምትወስነው ነገር የለም፤ እጅህን አጣምረህ ታያለህ። ብላክጃክ ግን በየካርታው ያስወስንሃል፤ ስለዚህ ብዙ ልምምድ የሚጠይቀው እሱ ነው።

ጆከሮቹን አውጡና ሁለቱን ፓኬት ቀላቅሉ፤ 104 ካርታ ይሆናል። ከ2 እስከ 10 ያለው በቁጥሩ፣ ጄ፣ ኪውና ኬ እያንዳንዳቸው 10፣ ኤስ ደግሞ 1 ወይም 11፣ የሚያዋጣው ነው። ለአንድ ሰው 40 ቆርኪ፣ ለአዳዩ 200 ይበቃል። አራዳ ካሉት ግሮሰሪዎች አንዱን ብትጠይቁ የዳሸን ቆርኪ በአንድ ሳምንት በከረጢት ይሰጧችኋል።

አስተዳደሉ እንዲህ ነው። ሁሉም ቆርኪውን ፊቱ ያስቀምጣል። አዳዩ በግራው ካለው ሰው ጀምሮ አንድ አንድ ካርታ ገልጦ ይሰጣል፣ ለራሱም አንድ ገልጦ ያስቀምጣል። ሁለተኛውን ዙር እንደዚያው ያድልና የራሱን ሁለተኛ ካርታ ይደፋዋል። የተገለጠው ካርታው 10 ወይም ኤስ ከሆነ የተደፋውን ለብቻው አየት ያደርጋል፤ 21 ከሞላለት ዙሩ እዚያው ያበቃል። ካልሞላለት ከግራ ጀምሮ እያንዳንዱ "ጨምር" ወይም "በቃኝ" ይላል። ከ21 ያለፈ ተቃጠለ፤ ቆርኪው ወዲያውኑ ይነሳል። ሁሉም ሲጨርስ አዳዩ የደፋውን ይገልጣል። 16 እና ከዚያ በታች ከሆነ የግድ ይጨምራል፣ 17 ሲደርስ የግድ ያቆማል። አዳዩ ምርጫ የለውም፤ "ዛሬ 15 ላይ ልቁም" ማለት አይችልም። ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚያፈርሱት ሕግ ይሄ ነው፤ አዳዩ ጓደኛቸው ስለሆነ ያስቡለታል።

"ወዲያውኑ" ያልኩትን ልብ በሉ። ቤቱ (ካዚኖው፤ በናንተ ጠረጴዛ አዳዩ) የሚያሸንፈው እዚያ ላይ ነው። አንተ ተቃጥለህ አዳዩም በኋላ ቢቃጠል እኩል አትባሉም፤ ያንተ ቆርኪ ቀድሞ ሄዷል። ይህን ሕግ አንስታችሁ "ሁለታችንም ከተቃጠልን ይመለስ" ካላችሁ ብላክጃክ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

በመጀመሪያ ሁለት ካርታ 21 የመጣለት (ኤስና 10 ዋጋ ያለው) ለ2 ቆርኪ 3 ይከፈለዋል። ስለዚህ ሁሌም ጥንድ ቁጥር አስይዙ፤ 1 ወይም 3 ከተያዘ ግማሽ ቆርኪ መክፈል ሊመጣ ነው።

ልጅ_አዘዞ · ቅዳሜ፣ ማታ 2:20

በዋዡ ትክክል ነው፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የመጀመሪያውን ማታ ያለ ውርርድ አሳልፉት። አዳይነቱን በየ10 ዙሩ ተቀያየሩና ድምር ብቻ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። የሚያሳስተው ኤስ ነው። ኤስና 6 "7 ወይም 17" ነው። 9 ቢጨመርበት 16 ነው እንጂ 26 አይደለም፤ አልተቃጠለም። ኤስ፣ 6፣ 9 የያዘ ልጅ ካርታውን ወርውሮ ሲነሳ አዳዩ ዝም ካለ ዙሩ ተበላሸ።

ጋሽ_ስሌት · ቅዳሜ፣ ማታ 3:10

ልጆች፣ መቼ መጨመር፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ በስሜት አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ1956 አራት አሜሪካውያን በሒሳብ አስልተው አሳትመውታል፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ተጣርቷል። ወረቀት ላይ ጻፉትና ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። እውነተኛ ካዚኖ ውስጥም ወረቀቱን ይዞ መጫወት ብዙውን ጊዜ አይከለከልም።

ኤስ የሌለበት እጅ፦
– 8 እና ከዚያ በታች፦ ጨምር።
– 9፦ አዳዩ ከ3 እስከ 6 ካሳየ ውርርድህን እጥፍ አድርገህ አንድ ካርታ ብቻ ውሰድ፤ አለዚያ ጨምር።
– 10፦ አዳዩ ከ2 እስከ 9 ካሳየ እጥፍ። 11፦ ኤስ ካላሳየ በቀር እጥፍ።
– 12፦ አዳዩ 4፣ 5 ወይም 6 ካሳየ በቃ፤ አለዚያ ጨምር።
– ከ13 እስከ 16፦ አዳዩ ከ2 እስከ 6 ካሳየ በቃ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ጨምር።
– 17 እና ከዚያ በላይ፦ በቃ።

ኤስ እንደ 11 የሚቆጠርበት እጅ 17 እና ከዚያ በታች ከሆነ ፈጽሞ አይቆምም፤ አንድ ካርታ ሊያቃጥለው አይችልምና። 18 ሲሆን አዳዩ 9፣ 10 ወይም ኤስ ካሳየ ጨምሩ። ከ13 እስከ 18 ባለው እጅ አዳዩ 5 ወይም 6 ካሳየ እጥፍ ማድረግ ያዋጣል።

ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ ከመጣ፣ ኤስና 8 ሁልጊዜ ተነጥለው ሁለት እጅ ይሆናሉ፤ 10 እና 5 ፈጽሞ አይነጠሉም። የተነጠለ ኤስ ብዙ ቦታ በየእጁ አንድ ካርታ ብቻ ነው የሚሰጠው። የቀረውን ጥንድ በሁለተኛው ሳምንት ትደርሱበታላችሁ።

ይህን በትክክል የተከተለ ሰው ላይ ቤቱ ያለው ብልጫ (ከተያዘው ውርርድ በአማካይ የሚያስቀረው) ከመቶ ግማሽ ያህል ነው፤ እንደ ጠረጴዛው ሕግ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ለ21 በ2 ቆርኪ 3 መክፈሉ ቀርቶ በ5 ቆርኪ 6 በሚከፈልበት ጠረጴዛ ግን ብልጫው ከመቶ 1.4 ያህል ይጨምራል። ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መቀመጥ አይገባም።

ማራኪ_ማታ · ቅዳሜ፣ ማታ 3:25

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ፤ 12 ይዤ አዳዩ 6 ቢያሳይ ለምን እቆማለሁ? 12 እኮ ምንም አይደለም፤ አዳዩ ካልተቃጠለ በቀር ማሸነፍ አልችልም።

ጋሽ_ስሌት · ቅዳሜ፣ ማታ 3:40

ጥያቄህ ውስጥ መልሱ አለ። 6 ያሳየ አዳይ ከ100 ዙር ወደ 42 ጊዜ ይቃጠላል። አንተ 12 ላይ ካርታ ብትጨምር የሚያቃጥልህ 10 ዋጋ ያለው ነው፤ ከ13 ካርታ 4ቱ፣ ማለትም ከ100 ወደ 31 ጊዜ። ከማያቃጥሉህ 9 ካርታዎች 4ቱ ደግሞ 13፣ 14፣ 15 ወይም 16 ላይ ያስቀሩሃል፤ በነሱ ምንም አልተሻሻልክም። ቆመህ አዳዩ ራሱን እንዲያቃጥል ጠብቀው። አዳዩ 2 ወይም 3 ካሳየ ግን የመቃጠል ዕድሉ ዝቅ ስለሚል 12 ላይ ይጨመራል።

በ16 ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ፍርሃት ታያለህ። አዳዩ 10 አሳይቶ አንተ 16 ከያዝክ ሁለቱም መንገድ ያከስራል፤ መጨመሩ በትንሹ ያነሰ ያከስራል። ሰው ግን በገዛ እጁ መቃጠልን ስለሚጠላ ይቆማል።

ልጅ_አዘዞ · እሑድ፣ ከቀኑ 5:15

ወደ ሩሌት ልምጣ። መንኮራኩሩ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው 37 እኩል ዕድል ነው፤ ከ0 እስከ 36። ቆርኪ ውስጡን በማርከር መጻፍ ቀድሞ የሚታሰብ ዘዴ ነው፤ ግን አይሠራም። በመክፈቻ የተከፈተ ቆርኪ ጠርዙ ይታጠፋል፣ እያንዳንዱም በተለያየ ቦታ ይታጠፋል፤ አምስት ስድስት ዙር ከወጣ በኋላ ጣት ይለየዋል። አንድ ወረቀት 37 እኩል ቦታ ቆርጣችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ፣ በማያሳይ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጉ።

የወጣው ቁጥር የግድ ይመለስና ከረጢቱ ይናወጣል። ካልተመለሰ የጨዋታው ሒሳብ ይፈርሳል፤ ለምሳሌ ዜሮ አንዴ ወጥቶ ካልተመለሰ ከዚያ በኋላ ቤቱ ብልጫ የለውም፣ ያለፈውን በቃሉ የያዘ ሰውም ከሌላው ይበልጣል።

ጠረጴዛውን ካርቶን ላይ ሥሩ። 3 ዓምድ በ12 ረድፍ፣ 0 ከላይ። የቢራ ቆርኪ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ እያንዳንዱን ሳጥን 6 በ6 አድርጉት፤ ከዚያ ካነሰ መስመር ላይ የተቀመጠውና ሳጥን ውስጥ ያለው አይለይም፣ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሳል። ቁመቱ 72 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ይበቃል። ቀለሙ እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 10 እና ከ19 እስከ 28 ጎዶሎዎቹ ቀይ፣ ጥንዶቹ ጥቁር፤ ከ11 እስከ 18 እና ከ29 እስከ 36 ጎዶሎዎቹ ጥቁር፣ ጥንዶቹ ቀይ። (መብራት ሲጠፋ በሻማ አትጫወቱ፤ ቀዩን ማርከር ሻማ ያጠፋዋል።)

ክፍያው፦ አንድ ቁጥር 35፣ በሁለት ቁጥር መሃል መስመር ላይ 17፣ ሦስት ቁጥር 11፣ አራት ቁጥር ጥግ ላይ 8፣ ስድስት ቁጥር 5፣ አሥራ ሁለት ቁጥር 2፣ ቀይ/ጥቁር ወይም ጥንድ/ጎዶሎ 1። መሸምደድ አያስፈልግም፤ 36ን ለሸፈናችሁት ቁጥር ብዛት አካፍሉና 1 ቀንሱ። ክፍያው በ36 ተሰልቶ ቁጥሩ ግን 37 ነው። ቤቱ የሚበላው ያቺን አንዷን ነው፤ ከ37 አንድ፣ 2.7 በመቶ። አሜሪካ ውስጥ ድርብ ዜሮ ስለሚጨመር 38 ቁጥር ሆኖ 5.26 ይደርሳል፤ ጨዋታው ግን ለዓይን ያው ነው።

የአዳይ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። "ከእንግዲህ አይነካም" ይላል፤ ቁጥሩን ያወጣል፤ በወጣው ቁጥር ላይ ምልክት ያኖራል (ሲኒ ገልብጣችሁ ድፉበት)፤ የተሸነፉትን ሁሉ ያነሳል፤ ከዚያ ብቻ ይከፍላል። ሲኒው እስኪነሳ ማንም እጁን አይዘረጋም። ሳያነሳ የሚከፍል አዳይ የከፈለውን ቆርኪ ከተሸነፈው ጋር ጠራርጎ ይወስደዋል። ደግሞ 35 ሲከፈል የተያዘው ቆርኪ እዚያው ለባለቤቱ ይቀራል፤ በእጁ 36 ይሆናል።

በአንድ ቁጥር ላይ ለአንድ ሰው ከ2 ቆርኪ በላይ አትፍቀዱ። ከአዳዩ በቀር አምስታችሁም አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሁለት አስቀምጣችሁ ቢወጣ 350 ቆርኪ ነው፤ በዋዡ ያለው 200 አይበቃም። የፕላስቲክ ውሃ ክዳን እንደ 10 ቆርኪ ቁጠሩት።

ደብረብርሃን_ሥላሴ_ሠፈር · እሑድ፣ ማታ 1:30

ይሄ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? ቀይ ላይ 1 አስይዝ፤ ከተሸነፍክ 2፣ ከዚያ 4፣ 8... አንድ ቀን ቀይ መውጣቱ አይቀርም፤ ሲወጣ ሁሉም ይመለሳል፣ 1 ትርፍ። ያልገባኝ ካለ ንገሩኝ።

በዋዡ · እሑድ፣ ማታ 1:50

"አንድ ቀን" ስትል 40 ቆርኪ ይዘህ ነው? 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ተሸንፈህ 31 ሄደ፤ ቀጣዩ 32 ነው፣ እጅህ ላይ 9 ቀርቷል።

ጋሽ_ስሌት · እሑድ፣ ማታ 2:30

127 ቆርኪ ይስጡት እንበል፤ እጥፍ እያደረገ ሰባት ጊዜ ማስያዝ ይችላል (1+2+4+8+16+32+64)። በአንድ ዙር ቀይ የማይወጣበት ዕድል ከ37 19 ነው። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የማይወጣበት 0.94 በመቶ፣ ማለትም በ106 ሙከራ አንዴ ያህል። 105 ጊዜ 1 ቆርኪ አተረፈ፣ 105፤ አንዴ 127 ከሰረ። የቆርኪው ብዛት ቢጨመር ኪሳራው ብርቅ ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ ሲመጣም የዚያኑ ያህል ገዝፎ ይመጣል። በእውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከፍተኛ ውርርድ የሚባል ገደብ ተጽፏል፤ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው እጥፍ ላይ ያስቆማል።

"አሁንስ ቀይ መውጣት አለበት" የሚለው ሐሳብ ነው ችግሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል፤ ከ15ኛው በኋላ ቀይ ላይ የተረባረቡት ናቸው የተቃጠሉት። ከረጢቱ ያለፈውን አያስታውስም።

ደብረብርሃን_ሥላሴ_ሠፈር · እሑድ፣ ማታ 2:45

105 በ127። እሺ ጋሼ፣ ይሄን ራሴ በከረጢቱ እሞክረዋለሁ።

አወያይ · እሑድ፣ ማታ 3:00

ሁለት የኦንላይን ቁማር ማስፈንጠሪያ ተጠፍቷል። ይህ ክር ስለ አጨዋወት ነው፤ በገንዘብ የሚያጫውት ቦታ የሚጠቁም መልስ ይነሳል።

ነጭ_ጨርቅ · ሰኞ፣ ማታ 1:15

ባካራትን ማንም አልነካውም። ለማየት ከባድ፣ ለመጫወት ቀላል ነው። "ተጫዋች" እና "ባንከር" የሚባሉ ሁለት እጆች አሉ፤ ስሞች ብቻ ናቸው፣ ሰው አይደሉም፤ ማናችሁም በየትኛውም ላይ ማስያዝ ትችላላችሁ። 10፣ ጄ፣ ኪውና ኬ ዜሮ፣ ኤስ 1። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አሥሩ ይጣላል፤ 7 እና 8 አምስት ነው። ወደ 9 የቀረበ ያሸንፋል።

ለሁለቱም ሁለት ሁለት ካርታ። አንዱ 8 ወይም 9 ካለው እዚያው አለቀ። አለዚያ "ተጫዋች" 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሦስተኛ ይወስዳል፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ይቆማል። እሱ ከቆመ ባንከርም በዚያው ደንብ ይሄዳል። "ተጫዋች" ሦስተኛ ከወሰደ ግን ባንከር የዚያን ሦስተኛ ካርታ አይቶ ነው የሚወስደው፦ 0፣ 1 ወይም 2 ካለው ሁልጊዜ፤ 3 ካለው ከ8 በቀር በሁሉም፤ 4 ካለው ከ2 እስከ 7 ላይ፤ 5 ካለው ከ4 እስከ 7 ላይ፤ 6 ካለው 6 ወይም 7 ላይ፤ 7 ካለው በጭራሽ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ከአዳዩ ፊት መለጠፍ ነው። በቃል እይዛለሁ ያለ አዳይ 3 በ8 ላይ ይሳሳታል።

ባንከር በኋላ ስለሚወስን ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሲያሸንፍ 5 በመቶ ይቆረጥበታል። በቆርኪ 5 በመቶ ለመቁረጥ 20 ማስያዝ አለባችሁ፤ 19 ይከፈላል። ከቅነሳው በኋላም ባንከር ላይ የቤቱ ብልጫ 1.06፣ ተጫዋች ላይ 1.24 ነው። "እኩል ይወጣሉ" ብሎ ማስያዝ 8 እጥፍ ስለሚከፍል ያጓጓል፤ ብልጫው ግን ከ14 በመቶ በላይ ነው። ከዚህ ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ እሱን አትንኩ የሚለው ይሁን።

ክራፕስ (በሁለት ዳይስ የሚጫወቱት) ላይ አሁን አትቸኩሉ፤ የውርርዱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ሰው አዳይ ይፈልጋል።

ፒያሳ_ቁልቁለት · ሰኞ፣ ማታ 2:40

ከናንተ መካከል ናይሮቢም ሆነ ሌላ ቦታ ሄዶ እውነተኛ ጠረጴዛ የሚያይ ቢኖር፣ እጅን የሚመለከተውን ከአሁኑ ይልመድ። እኛ ጋ ለሰው ብር በሁለት እጅ ወይም ክንድ ደገፍ አድርጎ መስጠት አክብሮት ነው። እዚያ ብር ለአዳዩ በእጁ አይሰጥም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ለካሜራው ዘርግቶ ይቆጥረዋል። በዙሩ መሃል አይደረግም፤ ዙሩ ሲያልቅ ነው።

ብላክጃክ ላይ በአፍ "ጨምር" ማለት አይበቃም፤ ካሜራ አይሰማም። ለመጨመር ጨርቁን በጣት መታ መታ፣ ለማቆም መዳፍን ወደ ታች አድርጎ አየር ላይ ከግራ ቀኝ ማወዛወዝ። ካርታው ተገልጦ በሚታደልበት ጠረጴዛ ካርታ አይነካም፤ ካርታ ከታደለ በኋላ ውርርዱም አይነካም። ሩሌት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም ቺፕ (በብር ፋንታ የሚያዝ ክብ ማስያዣ) ይሰጠዋል፤ ያ ቀለም ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ ዋጋ ስለሌለው ከመነሳት በፊት እዚያው ይመነዘራል።

ስልክ ላይ ስለሚለማመዱትም አንድ ቃል። ፍጥነቱን አስሉት። ሰው በሚያጫውተው ሩሌት በሰዓት 40 ዙር ቢሆን፣ በየዙሩ 10 ብር፣ በ2.7 በመቶ አማካይ ኪሳራው 11 ብር ገደማ ነው። ስልክ ላይ በደቂቃ 3 ዙር ከተጫነ 180 ዙር ይሆናል፤ ያው ጨዋታ፣ ያው ብልጫ፣ 49 ብር ገደማ። ነጻው ልምምድ ላይ ያንን ፍጥነት የለመደ እጅ በገንዘቡም አይዘገይም።

ማራኪ_ማታ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጠነዋል፣ ካርቶኑም ተሠርቷል። የቀረን አንድ ነው። አዳዩ ኤስ ሲያሳይ "ኢንሹራንስ" ይባላል ሲሉ እንሰማለን። ይወሰድ ወይስ አይወሰድ?

በዋዡ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:35

አይወሰድም።

ጋሽ_ስሌት · ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

በጥቅሉ አይወሰድም፤ ግን ምክንያቱን እወቁት፤ በናንተ ጠረጴዛ ላይ ማስላት ይቻላልና።

ኢንሹራንስ የራሱ ውርርድ ነው። የውርርድህን ግማሽ ጨምረህ "የተደፋው ካርታ 10 ዋጋ አለው" ትላለህ፤ ከሆነ በ1 ቆርኪ 2 ይከፈላል። እንዲያዋጣ ካልታዩት ካርታዎች ከሦስቱ አንዱ 10 መሆን አለበት። በሁለት ፓኬት ውስጥ 10 ዋጋ ያላቸው 32 ናቸው። ብቻህን ብትቀመጥና ሁለቱም ካርታህ 10 ባይሆኑ 101 ካርታ አልታየም፤ 32 ለ101 ከ31.7 በመቶ አይበልጥም፣ አይበቃም። አንተ ሁለት 10 ከያዝክ ደግሞ 30 ለ101 ነው፤ ሰዎች "ጥሩ እጄን ላስጠብቅ" ብለው የሚወስዱት በዚህ ጊዜ ነው፣ በጣም የሚያከስረውም ይኸው ነው።

እናንተ ግን ከአዳዩ በቀር አምስት ናችሁ፤ 10 ካርታ ተገልጦ ይታያል፣ የአዳዩ ኤስ 11ኛ ነው። ገና የተበወዘ ከሆነ ያልታየው 93 ነው። ከሚታዩት መካከል 10 ዋጋ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ 31 ለ93 ይቀራል፤ ልክ ሲሶ፣ አያተርፍም አያከስርም። አንድም ከሌለ ውሰዱት። ሁለትና ከዚያ በላይ ካያችሁ በዋዡ እንዳለው ነው።